የግቢ ወርክሾፕ፦ ሙቀቱ እንዴት ይከለላል፣ ቆርቆሮውስ ለምን ያልበዋል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ገላን ባሉ ሰፈሮች፣ ለመኪና ማደሪያ ተብሎ በግቢ ጥግ የተሠራ ክፍል ብዙ ጊዜ መኪና አያድርበትም። አንዱ አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራበታል፣ ሌላው የብየዳ ማሽኑን ያስገባበታል፣ ሌላዋ የስፌት መኪናዎቿን ትደረድርበታለች። መኖሪያና የሥራ ቦታ በአንድ ግቢ መሆናቸው የኪራይና የትራንስፖርት ወጪ ያስቀራል። ይሁን እንጂ ክፍሉ ሲሠራ የታሰበው ለመኪና እንጂ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራበት ሰው ስላልሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ ይግላል፣ ማለዳ ላይ እጅ ያደነዝዛል፣ በክረምት ደግሞ መሣሪያ ያዝጋል።

ይህን ማስተካከል የሚፈልግ ሰው በስልኩ የሚያገኘው ምክር በአብዛኛው በረዶ ከሚከመርበት አገር የመጣ ነው። እዚያ ግድግዳው ሱፍ መሰል ነገር ይጠቀጠቅበታል፣ በላስቲክ ይታሸጋል፣ ውስጡም ወራቱን ሙሉ በማሞቂያ ይሞቃል። የእኛ ሁኔታ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። እዚህ የሚያስፈልገው ሙቀትን ወራቱን ሙሉ አፍኖ መያዝ ሳይሆን የቀኑንና የሌሊቱን ልዩነት ማለዘብና እርጥበትን ማራቅ ነው። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ የሚወጣ ገንዘብ ከንቱ ይቀራል፤ አንዳንዴም ክፍሉን ለሕይወት አደገኛ ያደርገዋል።

«ኢንሱሌሽን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል። ፈጽሞ ማስቆም አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። ኢንሱሌሽን፣ ወይም በአማርኛ የሙቀት ከለላ፣ ይህን ጉዞ የሚያዘገይ ነገር ሁሉ ነው።

ጋቢን ማሰብ ይበቃል። ጋቢ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ የሚያሞቀው በአራቱ ድርብና በጥጡ ክሮች መካከል የታሰረው አየር ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ የሰውነት ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ስለሚያደርግ ነው። ያው ጋቢ ዝናብ መትቶት ከራሰ ለብሶት ከመቀመጥ ማውለቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም በአየሩ ቦታ ውሃ ገብቷል፣ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከረጋ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። የሙቀት ከለላ ምሥጢር በእነዚህ ሁለት ነገሮች ያልቃል፦ አየሩ እንዲረጋ ማድረግና እንዲደርቅ ማድረግ።

ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ዕቃውን አቅፎ የሚመጣው ነጭ ፎም ሥራውም ይኸው ነው፤ አብዛኛው አካሉ በጥቃቅን ክፍሎች የታሰረ አየር ነው። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ነጭ ፎም ሙቀትን የሚያዘገየው 2 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ድፍን አርማታ የሚያዘገየውን ያህል ነው። ቆርቆሮ ግን ስስና ብረት ስለሆነ ሙቀትን በማዘገየት በኩል እንደሌለ ይቆጠራል።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ጠባይ አለ፤ እርሱም ሙቀትን የማጠራቀም ችሎታ ነው። የሸክላ ምጣድ እስኪግል ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ቶሎ አይበርድም። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ጠጥቶ ማታ ቀስ ብሎ ይሰጣል። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ብርድ በሆነበት በእኛ አገር ይህ ጠባይ ትልቅ ሀብት ነው። የጭቃ ቤትን እንደ ኋላ ቀር ነገር የሚያዩ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉት እወዳለሁ። ሣር የለበሰ ጎጆ ሁለቱንም አጣምሮ ይይዛል፦ ጭቃው ያጠራቅማል፣ ሣሩ ይከልላል።

ሙቀቱም ብርዱም ለምን ከጣሪያ ይመጣል?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻው ሳምንት ገደማ ደግሞ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ፀሐይ ግድግዳንና መስኮትን ታጠቃለች፤ እዚህ ዱላው የሚያርፈው ጣሪያ ላይ ነው።

መጠኑን በምናውቀው ነገር እንለካው። በጠራ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ገደማ ነው። ስፋቱ 4 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ወርክሾፕ 24 ካሬ ሜትር ጣሪያ ስላለው 24 ኪሎ ዋት ይቀበላል ማለት ነው። ይህም ስድስት ወይም ሰባት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ጣሪያው ላይ ተለኩሰው እንደማለት ነው። አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ከዚህ ብዙውን ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ የዛገ ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል፣ ከዚያም ወደ ታች፣ ወደ ሠራተኛው ራስ ይልከዋል። ጣሪያ ለመቀየር ያሰበ ሰው ነጣ ያለ ቀለም ቢመርጥ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ የሥራውን አንድ ክፍል ጨረሰ ማለት ነው።

ሌሊት ጉዞው ይገለበጣል። በበጋ ሰማዩ ሲጠራ ምድር ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ደመና ሲኖር እንደ ብርድ ልብስ ይመልሰዋል፣ ሳይኖር ግን ሙቀቱ እንደወጣ ይቀራል። ስስና ሰፊ የሆነው ቆርቆሮ ከሁሉ ቀድሞ ይበርዳል፤ ሊነጋጋ ሲል ሙቀቱ ከዙሪያው አየር እንኳ ዝቅ ይላል። ማለዳ ሣሩ ላይ ጤዛ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቆርቆሮው ለምን ያልበዋል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በታኅሣሥ ማለዳ፣ ዝናብ ከዘነበ ወራት ባለፈበት ጊዜ፣ ወርክሾፑን ሲከፍቱ ጠረጴዛው ላይ ውሃ ይገኛል። ሁሉም «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ቀዳዳ ፍለጋ ይወጣል። እኔም አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን ሚስማር በሚስማር ፈትሼ፣ በሬንጅ ደፍኜ፣ በማግሥቱ ያንኑ ውሃ አግኝቻለሁ።

ነገሩን ለመረዳት ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባትሪ ይዞ ወደ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ጥቃቅን ነጠብጣብ ለብሷል። ነጠብጣቦቹ እየተያያዙ በሸንተረሩ ቁልቁል ይወርዱና ማገሩ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ እዚያ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ በየተራ ይንጠባጠባሉ። ከዚህ የተነሣ መሬት ላይ የሚታየው የውሃ ምልክት ከማገሩ ትይዩ በቀጥታ መስመር የተሰለፈ ነው። እውነተኛ ማፍሰስ ግን በአንድ ቦታ ላይ ይጸናል፣ የሚመጣውም ከዝናብ ጋር ነው። ማታ ሳይነሣ የቀረ መላጊያ ካለ ምላጩ ላይ ቡናማ ነጥቦች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጠብታ ያረፈበት ቦታ ነው።

ውሃው የመጣው ከክፍሉ አየር ነው። አየር ሁልጊዜ የማይታይ ተን ይይዛል፤ የሞቀ አየር ብዙ፣ የቀዘቀዘ አየር ጥቂት። ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ የያዘውንም ተን መሸከም ያቅተዋል፤ ትርፉ ውሃ ሆኖ ብረቱ ላይ ይቀራል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ገጹ የሚረጥበው በዚሁ መንገድ ነው። የተኑ ምንጭ ደግሞ ብዙ ነው፦ ገና ያልደረቀ እንጨት፣ እርጥብ ወለል፣ የሠራተኛው ትንፋሽ፣ ጥግ ላይ የሚፈላ ቡና።

ታዲያ ጣሪያው እንዴት ይሠራ?

ቀላሉና እዚህ አገር የሚያዋጣው አሠራር ሦስት ነገሮች አሉት፦ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከመሃል አየር የሚመላለስበት ባዶ ቦታ፣ ከታች የሙቀት ከለላ የተሸከመ ኮርኒስ።

ባዶ ቦታው መታሸግ የለበትም። በጣሪያው ዝቅተኛ ጠርዝ በኩል አየር መግቢያ፣ በከፍተኛው ጫፍ በኩል መውጫ ይተውለታል፤ ሁለቱም ወፍና አይጥ በማያሳልፍ ወንፊት ይሸፈናሉ። ቀን ላይ በቆርቆሮው የጋለው አየር ቀላል ስለሚሆን በላይኛው በኩል ይወጣል፣ በታችኛው በኩል ንጹሕ አየር ይተካዋል። ሌሊት ደግሞ የተጠራቀመውን ተን ይዞ ይሄዳል። ፎሙ የሚቀመጠው በኮርኒሱ ላይ ነው፤ 5 ሳንቲሜትር ለእኛ አየር ጥሩ መጠን ነው፣ መጋጠሚያዎቹ በፕላስተር ወይም በስፕሬይ ፎም መደፈን አለባቸው። ስንጥቅ የተተወበት ፎም ከጎኑ እንደተቀደደ ጋቢ ነው፤ ብርዱ በዚያው በኩል ይገባል።

አንዳንዶች ፎሙን በቀጥታ ከቆርቆሮው ሥር ይለጥፉታል። ጣሪያው ዝቅ ብሎ ለኮርኒስ ቦታ ከሌለ ይህም ይሆናል፤ ነገር ግን የቆርቆሮው ሸንተረርና ጠፍጣፋው ፎም ስለማይገጣጠሙ በመሃላቸው አየር ይቀራል፣ እዚያም ላቡ ማንም ሳያየው ይጠራቀምና ቆርቆሮውን ከውስጥ፣ ማገሩን ከላይ ይበላዋል። ስለዚህ ምርጫ ካለ ኮርኒሱን እመርጣለሁ። አቡጀዲ ወይም ኬሻ ብቻ የተወጠረበት ኮርኒስም ከምንም ይሻላል፤ ከላዩ የተወሰነ አየር ያረጋል፣ ጠብታውንም ይቀበላል፤ አቧራና የእንጨት ብናኝ ሲከማችበት ግን ለእሳት የተመቸ ይሆናል።

ቆርቆሮ ሲገዛ ደግሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። 28 ከ32 የወፈረ ነው። ውፍረቱ ለሙቀት ለውጥ አያመጣም፤ ለንፋስ፣ ለበረዶ ጠጠርና ለዕድሜው ግን ያመጣል።

ግድግዳውስ?

ባለ 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት፣ ከውስጥም ከውጭም ከተለሰነ፣ ለእኛ አየር ያለ ተጨማሪ ከለላ ያገለግላል። ከጣሪያው በፊት ለግድግዳ ፎም የሚያወጣ ሰው ቅደም ተከተሉን ስቷል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ይበልጡን ጥሩ ነው፤ የሚያስፈልገው ከዝናብ ርጭት መጠበቅና የእንጨቱ እግር ከምስጥ መከላከል ነው። የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው እንደ ጣሪያው ከውስጥ ፎምና የእንጨት ወይም የጂፕሰም ሽፋን የሚፈልገው።

ትልቁ ቀዳዳ በሩ ነው። የላሜራው በር እንደ ቆርቆሮው ይግላል፣ ይበርዳል፤ በሥሩ ያለው ክፍተትም አቧራና የክረምት ጎርፍ ያስገባል። በቱቦላሬው ፍሬም መሃል ፎም ገብቶ በኮምፔንሳቶ ቢሸፈን፣ ከሥሩም ጎማ ቢታሰርለት ለውጡ በአንድ ቀን ይታያል።

ወለሉ ለምን ይሰነጠቃል፣ ለምንስ ይረጥባል?

በከተማዋ ዳርቻ፣ በተለይም በሜዳማው በኩል፣ ብዙ ቦታ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ የፈሰሰ ስስ ሊሾ ከእርሱ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይሰነጠቃል። መፍትሔው አፈሩን ማውጣት፣ በምትኩ ገረጋንቲ በስስ ንጣፍ እየረጩ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ ድንጋይ መደርደር ነው። ግቢው ውስጥ ትልቅ ባሕር ዛፍ በቅርብ ካለ ሥሩ የአፈሩን ውሃ ስለሚጠጣ እብጠቱና መሸብሸቡ ይብሳል።

እርጥበቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃ በአፈርና በአርማታ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል፣ ጋዝ በላምባ ክር ላይ እንደሚወጣው፣ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከአርማታው በታች፣ ከድንጋዩ በላይ፣ ስስ አሸዋ ተነጥፎ ወፍራም ላስቲክ ይዘረጋል፤ መጋጠሚያው ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ይደራረባል። ይህ ከአርማታው በፊት ካልተደረገ በኋላ አይደረግም፤ ወጪው ደግሞ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው። ወለሉ ከውጭው መሬት 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል።

የቆየ ወለል ካለ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ዙሪያው በፕላስተር ይለጠፍና አንድ ቀን ያድራል። ሲነሣ ሥሩ ከረጠበ ውሃው የመጣው ከአፈር ነው፤ ላዩ ብቻ ከረጠበ የመጣው ከአየር ነው። የመጀመሪያው የአፈሩን ውሃ ማራቅ፣ ሁለተኛው አየር ማናፈስ ይፈልጋል።

አሸንዳም የዚሁ አካል ነው። በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 24 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት ከ28,000 ሊትር በላይ ውሃ ያወርዳል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 1,400 ያህል ይሞላል። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ ውሃ በመሠረቱ ሥር ይጠልቃል። ወለሉን በፎም ማስነጠፍ ግን አላስፈላጊ ነው፤ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ ቆመው ለሚሠሩበት ቦታ አንድ ጣውላ መዘርጋት ይበቃል።

ፎም ድምፅንም ይከለክላል?

አይከለክልም። ሙቀትን የሚያዘገየው የታሰረ አየር ነው፤ ድምፅን የሚያቆመው ግን ክብደት ነው። ነጭ ፎም ቀላል በመሆኑ የግራይንደር ጩኸት ሰንጥቆት ያልፋል። ለጎረቤት ሰላም የሚጠቅመው የተለሰነ ብሎኬት፣ ከባድ በርና የተደፈነ ቀዳዳ ነው፤ የአየር መውጫውም ጎረቤት ወደሌለበት አቅጣጫ ይዙር። በክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን የዝናብ ጩኸት ግን ኮርኒስ በእርግጥ ያለዝበዋል፤ ጂፕሰም ከሆነ ይበልጥ።

ክፍሉ ከታሸገ በኋላ አየሩ ምን ይሆናል?

ይህን ክፍል ሳልታክት የምጽፈው የሰው ሕይወት ስላለበት ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ኦክስጅንን ከሚሸከመው የደም ክፍል ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጥንካሬ ይጣበቃል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። በዚህ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ለስሕተት የሚተርፍ ኦክስጅን ጥቂት ነው። ቀድሞ በየቀዳዳው አየር ይገባበት የነበረ ክፍል በሚገባ ከተደፈነ በኋላ ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ ወይም ጄኔሬተር ሊገባበት አይገባም፤ መብራት ጠፍቶ ሥራ ቢቸኩልም ጄኔሬተሩ ውጭ፣ ከመስኮትም ርቆ ይቀመጥ።

የቲነርና የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬትም ይሄዳል። ስለዚህ ቀለም ወይም ቫርኒሽ በሚቀባበት ክፍል ከላይ ካለው መውጫ በተጨማሪ ከወለል ጥቂት ከፍ ብሎ ሌላ የአየር መስኮት ያስፈልጋል።

ፎም ደግሞ ይነድዳል። የብየዳ ፍንጣሪ ሲያገኘው ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ጥቁር መርዛም ጭስ ያወጣል፤ የፍራሽ ስፖንጅ ከእርሱም የባሰ ነው። ብየዳ ባለበት ወርክሾፕ ፎም ተገልጦ መታየት የለበትም፤ በጂፕሰም ቦርድ ወይም በልስን ይሸፈን። የኤሌክትሪክ ገመድም በፎም ውስጥ ተቀብሮ አይለፍ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ነጩ ፎም ሲነካውም የገመዱ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ይበላሻል። በቱቦ ውስጥ ያልፋል፣ ከባድ ማሽኖችም የየራሳቸው መስመርና ብሬከር ይኑራቸው።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

አዲስ ክፍል መሥራት ብቻ ሳይሆን የነበረውን መቀየርም፣ የአገልግሎት ለውጥም፣ ፈቃድ የሚጠይቅበት ሁኔታ አለ። በዳርቻው ያለ ግቢ በአዲስ አበባ ወይም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚጠየቀው ግቢው የሚገኝበት አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ክፍል ነው። ባለ ሦስት ፌዝ መብራትም ለብቻው ማመልከቻ ይፈልጋል።

ሥራው መቼና ከምን ይጀመር?

የአፈርና የአርማታ ሥራ ለጥቅምትና ለኅዳር ቢተው መሬቱ ጠፈፍ ብሎ ይጠብቃል። አሸንዳና የውሃ መውረጃ ከግንቦት በፊት ያልቁ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ኮርኒሱ ይቅደም፣ በሩ ይከተል፣ ግድግዳው ይቆይ። አናጢው ኮርኒሱን ሲዘጋ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክዳን ይተውለት፤ በመጀመሪያው ታኅሣሥ፣ ገና ሳይነጋ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ባትሪውን ወደ ቆርቆሮው ሆድና ወደ ማገሩ ጠርዝ ማብራት የሚቻለው በዚያ በኩል ብቻ ነው።